ልቀጥለው ወይስ ልተወው? የሆርሞን ምትክ ሕክምና ታሪክና ለሐኪም የሚሰጠው ትምህርት

እንደሚታወቀው ማረጥ በሽታ አይደለም፤ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ዓመት የተቃረበ ሴት ሁሉ የምታልፍበት የተፈጥሮ ሂደት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሂደት የሚከሰቱት ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የብልት ድርቀት የአንዳንድ ሴቶችን ኑሮ እጅግ ያውካሉ። ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ ሆኖ የመጣው የሆርሞን ምትክ ሕክምና ከሰማንያ ዓመታት በላይ በሆነው ታሪኩ ሁለት ጊዜ ከልክ በላይ ተወድሷል፤ ሁለት ጊዜም ከልክ በላይ ተፈርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ባጭሩ በመቃኘት፣ መድኃኒቱን እየወሰደች ያለች ሴት “ልቀጥል ወይስ ላቁም?” ብላ ስትጠይቀን እንዴት ልንመልስላት እንደሚገባ ማመላከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሡኝ አንዲት የ57 ዓመት እናት ናቸው። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የኖሩ ሲሆኑ ለዘመድ ጥየቃ መጥተው ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ጎራ አሉ። ከቦርሳቸው ሊያልቅ የተቃረበ የክኒን እሽግ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና “ዶክተር ልጄ፣ ይህን ስድስት ዓመት ወሰድሁት። ልቀጥለው ወይስ ልተወው?” አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ቀጠሉ። “ታላቅ እኅቴ እዚያው አሜሪካ ሆና ትወስደው ነበር። በ2002 ዜናውን በቴሌቪዥን እንደሰማች ሐኪሟን እንኳ ሳትጠይቅ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት አንሶላ ስትቀይር አደረች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ሐኪሜ ‘ለእርስዎ ጥሩ ነው’ አለኝ። ለመሆኑ መድኃኒቱ ነው የተለወጠው ወይስ እናንተ?”

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የተሟላ መልስ አልነበረኝም። ዜናው በታወጀበት ዓመት እኔ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበርሁ። በሕክምና ትምህርት ቤት ቆይታዬም ስለዚህ ጉዳይ በአእምሮዬ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም “ሆርሞን የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ያመጣል” የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለማን፣ በስንት ዓመቷ፣ በየትኛው ዓይነት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ያህል መጠን የሚሉትን ጥያቄዎች አይመልስም። የወይዘሮዋ ጥያቄ ወደ ታሪኩ እንድመለስ አስገደደኝ።

የመጀመሪያው ተስፋና የመጀመሪያው ድንጋጤ

በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንቁላል ከሚፈልቅበት የሴቴ እንስሳ አካል ውስጥ ሆርሞን መኖሩን በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ አሳዩ። በ1929 ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት ደግሞ በጀርመን፣ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ ከኤስትሮጅን ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ኤስትሮን ነጥለው አወጡ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሆርሞኑን በብዛትና በርካሽ የማግኘት ጉዳይ ሆነ። መልሱ የተገኘው ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት ነበር። ከዚህ የተዘጋጀው ፕሪማሪን የተባለው ክኒን በ1942 በአሜሪካ ለማረጥ ምልክቶች ሕክምና ተፈቀደ።

ለሃያ ዓመታት ያህል መድኃኒቱ በተፈቀደለት ዓላማ መጠን ቆየ። በ1966 ግን ሮበርት ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የማሕፀን ሐኪም ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ማረጥን እንደ ስኳር በሽታ ያለ የሆርሞን እጥረት በሽታ አድርጎ አቀረበው። ኤስትሮጅን የምትወስድ ሴት ለዘለዓለም ሴትነቷን ጠብቃ ትኖራለች የሚል ተስፋም ሰጠ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ የመድኃኒቱም ፍጆታ አብሮት አሻቀበ። ጸሐፊው ለዚህ ሥራው ከመድኃኒት አምራች ገንዘብ ያገኝ እንደነበር ልጁ በ2002 ለጋዜጠኞች ገልጿል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒቱ ምልክትን ከማስታገስ ተነሥቶ እርጅናን ወደ መከላከል የተሻገረው በጥናት ሳይሆን በመጽሐፍና በማስታወቂያ ነበር። አንዲት ሴት “አሞኛል” ብላ የምትወስደው መድኃኒት “እንዳያምሽ ውሰጂው” ወደሚባል መድኃኒት ሲለወጥ የማስረጃው መስፈርትም አብሮ ከፍ ሊል ይገባው ነበር። ከፍ አላለም።

የመጀመሪያው ድንጋጤ በዲሴምበር 1975 መጣ። በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት በአንድ እትም የወጡ ሁለት ጥናቶች ኤስትሮጅንን ብቻውን የወሰዱ ሴቶች በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በአንደኛው ጥናት 4.5 እጥፍ፣ በሌላው 7.6 እጥፍ መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱ ከጊዜ በኋላ ግልጽ ሆነ። ኤስትሮጅን የማሕፀንን ሽፋን ያሳድጋል፤ ይህን ዕድገት የሚገታው ፕሮጄስትሮን ካልተጨመረበት ሽፋኑ ያለ ገደብ ይበዛል። በመሆኑም ማሕፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስትሮን ወይም እርሱን ከሚመስል ፕሮጄስቲን ጋር አጣምሮ መስጠት ደንብ ሆነ። ኤስትሮጅን ብቻውን የሚሰጠው ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ለወጣላት ሴት ነው። ይህ ልዩነት ለሚከተለው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዘው እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ተስፋ፦ ልብን የሚጠብቅ ክኒን

መድኃኒቱ በጥምረት መልክ ሲመለስ አዲስ ተስፋ ይዞ ተመለሰ። ሴቶች ከማረጣቸው በፊት በልብ ደም ሥር በሽታ የሚያዙት ከወንዶች ያነሰ ነው፤ ካረጡ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ልብን ይጠብቃል የሚለው ግምት ምክንያታዊ ይመስል ነበር። በ1976 የተጀመረው የአሜሪካ ነርሶች የጤና ጥናት በ1985 ባወጣው ውጤት ሆርሞን የሚወስዱ ነርሶች በልብ ሕመም የሚጠቁት ከማይወስዱት ያነሰ መሆኑን ዘገበ። የሚገርመው በዚያው መጽሔት በዚያው እትም የወጣው የፍራሚንግሃም ጥናት ተቃራኒውን ማሳየቱ ነው። ሆኖም የሚፈለገው መልስ የመጀመሪያው ስለነበር ሁለተኛው ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1991 የነርሶቹ ጥናት 48,470 ያረጡ ሴቶችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ በሆርሞን ተጠቃሚዎች ዘንድ ዋና ዋና የልብ ደም ሥር በሽታዎች በግማሽ ያህል መቀነሳቸውን ሲዘግብ ጉዳዩ ያለቀለት መሰለ። በ1990ዎቹ ምልክት የሌላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ሆርሞን እንዲወስዱ ይመከሩ ጀመር።

የምልከታ ጥናት ድክመት ግን እዚህ ላይ ነበር። ሆርሞን የሚወስዱት ሴቶች በአብዛኛው የተማሩ፣ ገቢያቸው የተሻለ፣ ሐኪም ዘንድ አዘውትረው የሚሄዱና ለጤንነታቸው የሚጠነቀቁ ነበሩ። ልባቸውን የጠበቀው ክኒኑ ይሁን ኑሯቸው በምልከታ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ መፍትሔው ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን መድኃኒቱን፣ ሌላውን መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ሰጥቶ ማነጻጸር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትልቅ የልብ ጥናት ውጤት በ1998 ታተመ። ቀድሞ የልብ ደም ሥር በሽታ ያለባቸውን 2,763 ሴቶች በአማካይ ለ4.1 ዓመት ተከታትሎ ሆርሞኑ በጠቅላላው አንዳች ጥቅም እንደሌለው፣ በመጀመሪያው ዓመት እንዲያውም የልብ ሕመምን እንደሚያበዛ አሳየ። ብዙዎች ግን “እነዚህ ቀድሞውንም ሕሙማን ናቸው፤ ጤነኞቹን ይጠቅማል” በማለት ውጤቱን አለፉት።

የ2002 ዜና

ጤነኞቹን የሚመለከተው ጥናት በወቅቱ በሂደት ላይ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር በነበሩት በዶክተር በርናዲን ሂሊ ዘመን በ1991 የተጀመረው የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ ማሕፀን ያላቸውን 16,608 ሴቶች ለጥምር ሆርሞን ወይም ለአምሳያ ክኒን በዕጣ መደባቸው። 8.5 ዓመት እንዲቆይ የታቀደው ይህ ክፍል በአማካይ ከ5.2 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2002 እንዲቆም ተደረገ። የጡት ካንሰር ከተቀመጠለት የደኅንነት ወሰን በማለፉና በጠቅላላው ጉዳቱ ከጥቅሙ በማመዘኑ ነበር።

በዜና የተሰማው “የጡት ካንሰር በ26 በመቶ፣ የልብ ሕመም በ29 በመቶ፣ ስትሮክ በ41 በመቶ ጨመረ” የሚል ነበር። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። በሌላ መልክ ሲነገሩ ግን ለጆሮ የሚሰጡት ስሜት ይለያል። ከ10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሚያዙት ከ30 ወደ 38፣ በልብ ደም ሥር በሽታ ከ30 ወደ 37፣ በስትሮክ ከ21 ወደ 29፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው የሚሄድባቸው ከ8 ወደ 16 ከፍ አሉ። በአንጻሩ የዳሌ መገጣጠሚያ ስብራት ከ15 ወደ 10፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ16 ወደ 10 ዝቅ አለ። በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ዓመት የሚደርሰው ተጨማሪ አደጋ ትንሽ ነው። በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጤነኛ ሴቶች “ለመከላከያ” ተብሎ ሲሰጥ ግን በምንም ሚዛን ሊደገፍ አይችልም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ዜናው ግን ለሁለቱም ቦታ አልነበረውም።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በ1999 በአሜሪካ 90 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ዓመታዊ የሆርሞን ማዘዣ በ2003 አጋማሽ ወደ 57 ሚሊዮን የሚያደርስ ፍጥነት ላይ ወረደ። ብዙ ሴቶች የወይዘሮዋ እኅት እንዳደረጉት ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ አቆሙ። ስለ አቋሙት ሴቶች የተነገረው ጥቂት ቢሆንም ጥናቱ ራሱ ተከታትሏቸው ነበር። በ2005 በታተመው ውጤት፣ ጥናቱ ሲጀመር የሙቀትና የላብ ምልክት ከነበረባቸውና ጥምር ሆርሞኑን ካቆሙት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት (55.5 በመቶ) መካከለኛ ወይም ከባድ ምልክት ተመልሶባቸዋል፤ አምሳያውን ክኒን ይወስዱ ከነበሩት ግን 21.3 በመቶ ብቻ። ማቆምም ዋጋ አለው ማለት ነው።

ከድንጋጤው በኋላ

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ምስሉ እየጠራ መጥቷል። በመጀመሪያ፣ ማሕፀናቸው የወጣላቸው 10,739 ሴቶች የተሳተፉበትና ኤስትሮጅንን ብቻ የፈተነው ክፍል በ2004 ሲቆም ስትሮክ መጨመሩን አረጋገጠ፤ የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም። በ2020 የታተመው የረጅም ጊዜ ክትትል እንዲያውም በእነዚህ ሴቶች ዘንድ የጡት ካንሰር መቀነሱን፣ በጥምር ሆርሞን ተጠቃሚዎች ዘንድ ደግሞ መጨመሩን አሳይቷል። በሌላ በኩል በ2019 የ58 ጥናቶችን መረጃ ያጠቃለለው ዓለም አቀፍ ትንተና ኤስትሮጅን ብቻውንም ቢሆን አደጋውን በመጠኑ እንደሚጨምር ደምድሟል። የሁለቱ አለመጣጣም እስካሁን የክርክር ርእስ ነው። ጥምሩ የበለጠ አደጋ እንዳለው ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

ሁለተኛ፣ የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። በ2007 ውጤቱ በማረጫ ጊዜ ተከፋፍሎ ሲተነተን ልብን የሚመለከተው አደጋ ካረጡ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ሲታይ፣ አሥር ዓመት ባልሞላቸው ላይ አልታየም። ስትሮክ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላሳየም። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ በ2003 የታተመው የማስታወስ ችሎታ ጥናት ደግሞ በጥምር ሆርሞን የመርሳት በሽታ ወደ እጥፍ መድረሱን አሳይቷል። በ2017 የታተመው የ18 ዓመት ክትትል ግን በጠቅላላው የሞት መጠን ሆርሞን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት አላገኘም።

ሦስተኛ፣ “ከአምስት ዓመት በላይ አይወሰድም” የሚለው የተለመደ ደንብ ከምልክቱ ተፈጥሮ ጋር አልተስማማም። በ2015 በታተመ የአሜሪካ ጥናት የሙቀትና የላብ ምልክት የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ 7.4 ዓመት ሲሆን በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ ነበር። በዚህም ምክንያት የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር በ2022 ባወጣው አቋም፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ አሥር ዓመት ላልሞላቸውና ከልካይ ምክንያት ለሌላቸው ምልክት ያለባቸው ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን፣ በዕድሜ ብቻ ሁሉም እንዲያቆሙ ማድረግም እንደማያስፈልግ ገለጸ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ሆርሞንን ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ለመከላከል ብሎ መስጠትን በድጋሚ ተቃወመ። ሁለቱ አይጋጩም፤ አንዱ ስለ ሕክምና፣ ሌላው ስለ መከላከል ይናገራል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2003 ጀምሮ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከሠፈሩት ጥብቅ ማስጠንቀቂያዎች አብዛኞቹ እንዲነሡ መወሰኑን አስታውቋል። ታሪኩን ያነበበ ሐኪም ይህን ዜና የሦስተኛ ውዳሴ መጀመሪያ እንዳይሆን ተጠንቅቆ ሊቀበለው ይገባል።

ለመቀጠል ወይስ ለማቆም

እንግዲህ ለወይዘሮዋ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄያችን ነው። በ1966ም በ1990ዎቹም የጠየቅነው “ሴቶች ይውሰዱ?” ብለን ነው፤ በ2002ም “ሴቶች ያቁሙ?” አልን። “ይህቺ ሴት” ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በመሆኑም ሆርሞን እየወሰደች ወደ እኛ የምትመጣን ሴት የሚከተሉትን ማጣራት ይገባናል። ለምን ጀመረችው? ማሕፀን አላት? ካላት ፕሮጄስቲን ተጨምሮላታል? ስንት ዓመት ወሰደች፤ ካረጠችስ ስንት ዓመት ሆናት? የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የልብ ሕመም ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ደርሶባታል? ምክንያቱ ያልታወቀ የማሕፀን መድማት አለባት? የደም ግፊቷ እንዴት ነው? ከእነዚህ ከልካይ ምክንያቶች አንዱ ካለ መልሱ ቀላል ነው። ከሌለ ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ ምልክቱ ዛሬም አለ ወይ የሚለው ነው። ይህን በእርግጠኝነት ለማወቅ ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ከማየት የተሻለ መንገድ የለም። በቀስታ መቀነስም ሆነ በአንዴ ማቆም ምልክቱ እንዳይመለስ በማድረግ ረገድ ግልጽ ብልጫ አልታየባቸውም፤ ምርጫው የሴትዮዋ ነው። የምትቀጥል ከሆነ ዝቅተኛው የሚበቃ መጠን ይመረጣል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት በምልከታ ጥናቶች የደም መርጋትን እንደ ክኒኑ ሲጨምር አልታየም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ልጨምር። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ሳይሞላ ያረጠች ወይም እንቁላል የሚያፈልቀው አካሏ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ወጣት ሴት በዚህ ክርክር ውስጥ አትገባም። ከልካይ ምክንያት ከሌለባት ሌሎች ሴቶች እስከሚያርጡበት ዕድሜ ድረስ ሆርሞኑን ማግኘት ይገባታል፤ የ2002ን ፍርሃት በእርሷ ላይ መጫን ጉዳት ነው። ሌላው፣ የጥናቱ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ። ስለዚህ ቁጥሮቹን ለአገራችን ሴቶች ስንጠቀም አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ የተለካ ልክ አድርገን መውሰድ የለብንም።

ወይዘሮዋ ያረጡት በ51 ዓመታቸው ነው። ማሕፀን አላቸው፤ ክኒኑ ጥምር ነው፤ የደም ግፊታቸው ደኅና ነው፤ ከልካይ ምክንያትም የለባቸውም። የመጨረሻው የጡት ራጅ ሁለት ዓመት ስላለፈው እንዲደገም አደረግሁ፤ ንጹሕ ሆነ። ከዚያም በወረቀት ላይ መቶ ነጥቦች አስቀምጬ አሳየኋቸው። ሆርሞን ወስደው ከማያውቁ መቶ ሴቶች ከ50 እስከ 69 ዓመታቸው ባለው ጊዜ 6 ያህሉ በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ ጥምሩን በየቀኑ ለአምስት ዓመት ከወሰዱት ደግሞ 8 ያህሉ። ነጥቦቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ “ስድስት ዓመት ስወስደው እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሰው የለም” አሉ።

አቁመው ለማየት ወሰኑ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ላቡ ተመልሶ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። ምርጫቸው ዝቅ ባለ መጠን ቀጥሎ በየዓመቱ እንደገና መመዘን ሆነ፤ እኔም ለአሜሪካው ሐኪማቸው ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ሲነሡ “አሁን ለምን እንደምወስደው አወቅሁ፤ ለምን እንደምተወውም አውቃለሁ” አሉኝ።

የጤና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። ታካሚዎቻችን የሚጎዱት በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሳይገለጽላቸው በሚጀመርና ሳይገለጽላቸው በሚቆም ሕክምናም ጭምር ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ዜና ውዳሴም ይሁን ስጋት ይዞ ሲመጣ፣ ከፊታችን ለተቀመጠችው ሴት ቁጥሩን ከነሙሉ መልኩ ማስረዳትና ውሳኔውን ከእርሷ ጋር መወሰን የሁላችንም ኃላፊነት ነው።